የአውሮፓ ቪዛና በግሉ ሠርቶ የሚያድረው ወገናችን
ሂስና ግለ ሂስ



ለአጭር ጊዜ ወደ አውሮፓ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው በሚሞላው የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ላይ አንዲት ጠባብ ሣጥን አለች። አመልካቹ የሚሠራውን ሥራ ከጻፈ በኋላ ይህች ሣጥን የአሠሪውን ስም፣ አድራሻና ስልክ ቁጥር ትጠይቀዋለች፤ ተማሪ ከሆነ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ስምና አድራሻ። እኛ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተን እዚህ ካይሮ ሕክምና የምንማር ወጣቶች በዚህች ሣጥን ላይ ብዙ አንጨነቅም፤ የዩኒቨርሲቲያችንን ስም ጽፈን እናልፋለን። ተቀጣሪውም የመሥሪያ ቤቱን ስም ጽፎ ያልፋል። አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ የሆነው ወገናችን ግን ምን ይጻፍ?

ጥያቄው የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። ትምህርታቸውን ጨርሰው የኪስ ገንዘባቸው የተቋረጠ፣ በትርጉም፣ በአስተርጓሚነት፣ በኮምፒውተር ሥራ፣ በፎቶግራፍ በግላቸው ሠርተው የሚያድሩ፣ ፈረንጆቹ «ፍሪላንሰር» የሚሏቸው ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ። ከእኛም ብዙዎቻችን ነገ የምንገባበት ኑሮ ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት በአንድ ወንድማችን ላይ የደረሰውንና የእኛም እጅ ያለበትን ነገር ሳንደብቅ እንናገራለን፤ ከዚያም ማኅበራችን ሊይዘው ይገባል የምንለውን አቋም እናቀርባለን።

ወንድማችን ስሙ አይጠቀስም። ከእኛ ቀድሞ ወደዚህ አገር የመጣ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን በየጊዜው እያሳደሰ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር፣ ከዐረብኛና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በመተርጐም የሚተዳደር ሰው ነው። በሆስፒታል ልምምድ ላይ ሳለን ቋንቋ የማይችል ያገራችን ሰው ታሞ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የምንጠራው እርሱን ነው፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይመጣል። ዘጠኝ ዓመት ያላያት ታናሽ እህቱ በአንድ የአውሮፓ አገር ሕጋዊ መኖሪያ ይዛ ትኖራለች። ልታገባ ነበር። አባታቸው በሕይወት ስለሌሉ ወንድሟ በአባቷ ቦታ ቆሞ እንዲድራት ጠየቀችው። የፈለገው አሥር ቀን ብቻ ነበር።

አንድ ምሽት ቅጹን ይዞ ወደ ማደሪያችን መጣ። ያችን ሣጥን አሳየንና «ምን ልጻፍ?» አለን። እኛ ምን መከርነው? «አሠሪ ለሌለው ሰው ቪዛ የሚሰጥ የለም፤ የአሠሪ ደብዳቤ ፈልግ» አልነው። ከመካከላችን አንዱ ደላላ ያውቅ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ወንድማችንም ያጠራቀመውን ከፍሎ ስሙን ሰምቶት በማያውቀው ድርጅት ውስጥ «የትርጉም ክፍል ኃላፊ» የሚያደርገውን ባለማኅተም ደብዳቤ ገዛ። ከዚህ የከፋውን ስሕተት የሠራነው ቀጥሎ ነው። የሁለት ዓመት የክፍያ ደረሰኞቹን፣ ያሠሩት ሰዎች የጻፉለትን ደብዳቤዎች፣ ተርጉሞ ያስረከባቸውን ሥራዎች ዝርዝር አዘጋጅቶ ነበር። «ከደብዳቤው ጋር ይጋጫሉ፤ ቤት ተዋቸው» ብለን አስተውነው።

በኋላ እንደሰማነው ለማጣራት ወደ ድርጅቱ ስልክ ተደውሎ ነበር፤ ስልኩን ያነሣው ሰው እንዲህ የሚባል ሠራተኛ አላውቅም አለ። የመጣው የክልከላ ቅጽ ሁለት ምልክት ነበረበት፤ አንደኛው በቀረቡት ሰነዶች እውነተኛነት ላይ ጥርጣሬ አለ፣ ሁለተኛው ቪዛው ሳያበቃ አገሩን ለቀው ለመውጣትዎ ጥርጣሬ አለ የሚሉ። በሠርጉ ቀን እህቱን የዳረው የሰፈሯ ሽማግሌ ሆነ፤ ወንድማችን በስልክ መስታወት ተመለከተ። ያን ምሽት የነገረን ቃል እስካሁን ያንገበግበናል፦ «ውሸቱ ስለወደቀ አላዘንኩም። እውነቱ መሳቢያ ውስጥ መቅረቱ ነው የቆጨኝ።»

ይህን ካልን በኋላ ወደ ጉዳዩ ሥር እንግባ።

ሸንገን በሉክሰምበርግ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1985 ቤልጅግ፣ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ሉክሰምበርግና ኔዘርላንድ በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ቀስ በቀስ ለማስቀረት እዚያ ተፈራረሙ። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 26 ቀን 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ፤ ቡልጋሪያና ሮማንያ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2025 ሙሉ በሙሉ ሲገቡ አባል አገሮቹ 29 ደረሱ። የውስጡ በር በተከፈተ መጠን የውጭው በር ጠበቀ። የአጭር ጊዜ ቪዛ የሚሰጥበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ ከሚያዝያ 5 ቀን 2010 ጀምሮ የሚሠራበት የቪዛ ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሻሽሏል። ባለቪዛው በማናቸውም 180 ቀኖች ውስጥ ከ90 ቀን በላይ እንዳይቆይ ይወስናል።

ይህ ሕግ በግሉ የሚሠራ ሰው ቪዛ አያገኝም ይላልን? አይልም። አመልካቹ ወደ መኖሪያ አገሩ የመመለስ ሐሳብ እንዳለው ለመመዘን ይረዳሉ ብሎ በአባሪው የዘረዘራቸው ማስረጃዎች የመመለሻ ቲኬት ቦታ መያዣ፣ በመኖሪያ አገር ያለ የገንዘብ አቅም፣ የሥራ ማስረጃ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ እንዲሁም በሚኖርበት አገር ሥር መስደዱን የሚያሳዩ የቤተሰብ ትስስርና የሙያ ሁኔታ ናቸው። ዝርዝሩም በምሳሌነት የቀረበ እንጂ ያለቀለት አይደለም። እንግዲህ «የሙያ ሁኔታ» ሲል የተቀጣሪውን ብቻ ማለቱ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 2013 ኩሽካኪ በተባለ ኢራናዊ አመልካች ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ ቪዛ ሊከለከል የሚችለው በሕጉ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ እንደሆነ ወስኗል። ይሁን እንጂ ያው ፍርድ ማስረጃውን በመመዘን ረገድ ለባለሥልጣኖቹ ሰፊ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ሕጉ በሩን አልዘጋም፤ የማስረዳቱን ሸክም ግን በአመልካቹ ትከሻ ላይ ጥሏል።

ሸክሙም ለሁሉም እኩል አይደለም። ተቀጣሪው አንድ ገጽ ደብዳቤ ያቀርባል። በግሉ የሚሠራው ደግሞ ሕይወቱን በሙሉ በወረቀት ማስረዳት አለበት። ገቢው አንድ ወር ሞልቶ አንድ ወር ይጐድላል፤ ክፍያው አንዳንዴ በእጅ፣ አንዳንዴ በዘመድ በኩል ይመጣል። ያለችው ጥሪትም በአገሩ ገንዘብ ስለሆነ ከእጁ ሳትወጣ ትቀንሳለች። እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 2024 የግብጽ ፓውንድ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ31 ፓውንድ ገደማ ወደ 50 ገደማ ወጣ። አገር ቤትም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። ያው ሰው፣ ያው ሥራ፣ ያው ቁጠባ፤ በዩሮ ሲሰፈር ግን ሌላ ሰው ሆነ።

በዚህ ላይ ፓስፖርታችን ራሱ ተጨማሪ ሸክም አለበት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ ኢትዮጵያ በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አላደረገችም በማለት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ጠበቅ ያለ ውሳኔ አሳለፈ። በውሳኔው መሠረት ለውሳኔ የሚጠበቀው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲራዘም፣ ለብዙ ጊዜ መግቢያ የሚያገለግል ቪዛ እንዳይሰጥ፣ ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዳንዶቹን መተው እንዲቀር ተደረገ። እኛ እንደምናምነው ይህ ፍትሕ አይደለም። ሁለት መንግሥታት ባልተስማሙበት ጉዳይ እህቱን ሊድር የሚሄድ አስተርጓሚ የሚቀጣበት ምክንያት የለም። ይህን ዛሬም ነገም ከመናገር አንቆጠብም።

ነገር ግን የሌላው ጥፋት የእኛን ጥፋት አያነጻም። እዚህ ላይ ግለ ሂስ ያስፈልጋል።

በሕክምና ትምህርታችን መጀመሪያ ላይ የምንማረው የሕመምተኛውን ታሪክ ማዳመጥ ነው። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብሎ የፈራ ሕመምተኛ የጠጣውን አልጠጣሁም፣ የተወውን መድኃኒት እየዋጥኩ ነው ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ምርመራው ሁሉ ያሳስተዋል፤ የሚሰጠውም መድኃኒት የሌላ ሰው ነው። እኛም በወንድማችን ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ባለሥልጣኑ ሊሰማ የሚፈልገው ይህን ነው ብለን ገምተን የሌላ ሰው ታሪክ አለበስነው። ለምን? በግል መሥራት ሥራ ነው ብለን እኛው ራሳችን ስላላመንን ነው! የእርሱን ሥራ ከዝቅተኛ ደሞዝተኛ ሥራ አሳንሰን ያየነው ከቆንስላው በፊት እኛ ነን።

አንዳንድ ወገኖች «እውነቱን ይዞ የቀረበውም ይከለከላል፤ ታዲያ ምን ልዩነት አለው?» ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። እውነተኛ ማስረጃ ይዘው የተመለሱ እናውቃለን። እውነት ቪዛ ያስገኛል ብለን ለማንም ቃል አንገባም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ እውነተኛ ማስረጃ አቅርቦ የተከለከለ ሰው ክልከላው ምክንያቱን በጽሑፍ የሚገልጽ ስለሆነ በሚመለከተው አገር ሕግ መሠረት ይግባኝ ማለት ይችላል፤ የጐደለውን አሟልቶም እንደገና ማመልከት ይችላል። ሐሰተኛ ደብዳቤ ያቀረበ ሰው ምን ብሎ ይግባኝ ይላል? በሁለተኛ ደረጃ፣ የማመልከቻው መዝገብ የጣት አሻራን ጨምሮ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 11 ቀን 2011 ጀምሮ በሚሠራው የቪዛ መረጃ ሥርዓት ውስጥ እስከ አምስት ዓመት ይቀመጣል። ሥርዓቱ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለውም ግብጽን ጨምሮ በሰሜን አፍሪካ ነው። በአንድ አገር ቆንስላ የተበላሸ ስም በሌላው ቆንስላ አዲስ አይሆንም። በሦስተኛ ደረጃ፣ አንድ ሐሰተኛ ማኅተም በተያዘ ቁጥር ከኋላው የሚመጣው የእውነተኛው አስተርጓሚ ደብዳቤ ይጠረጠራል። ደላላው የሚሸጠው የአንድ ሰው ውሸት ብቻ ሳይሆን የሁላችንንም አመኔታ ነው።

ታዲያ በግሉ የሚሠራው ወገናችን ምን ያድርግ? ሕጉን ካነበብንና ከአመልካቾች ጋር ከተነጋገርን በኋላ የደረስንበት የሚከተለው ነው።

ሀ) በሣጥኗ ውስጥ እውነቱን ይጻፍ፤ «በግሌ የምሠራ አስተርጓሚ» ብሎ የራሱን አድራሻና ስልክ ያስፍር። ከቅጹ ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ ያያይዝ፤ ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚሠራ፣ በወር በአማካይ ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ ለምን እንደሚሄድ፣ መቼና ለምን ጉዳይ እንደሚመለስ በቀላል ቃል ይግለጽበት።

ለ) ሥራ የሰጡት ሰዎች ስማቸውና ስልካቸው ያለበት ደብዳቤ ይጻፉለት። የሥራ ውሎቹንና ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል ያሰልፍ፤ እያንዳንዱ ደረሰኝ በባንክ መግለጫው ላይ ከየትኛው ገቢ ጋር እንደሚገናኝ ቁጥር ይስጠው። የሚኖርበት አገር ሕግ ለግል ሥራ ምዝገባና ግብር የሚፈቅድለት ከሆነ ያን ወረቀት ሳይዝ አይሂድ።

ሐ) በአንድ ቀን በድንገት የገባ ብዙ ገንዘብ የተበደሩት ይመስላል። ከመካከላችን ብዙዎች ዕቁብ አለን፤ ግብጾቹም «ገምዒያ» ይሉታል። ዕቁብ የደረሰው ሰው የዕቁቡ ጸሐፊ ቀኑንና መጠኑን ጠቅሶ የፈረመበት ወረቀት ያያይዝ። ዕቁብ ነውር አይደለም፤ ሳይብራራ ሲቀር ግን ያስጠረጥራል።

መ) የመመለሻውን ምክንያት በቃል ብቻ አይተወው። ከጉዞው በኋላ ባለው ቀን የሚያስረክበው ሥራ ካለ ውሉን ያሳይ። የመኖሪያ ፈቃዱ ከመመለሻው ቀን በኋላ የሚቆይ ይሁን።

ሠ) ቤተሰብ ዘንድ የሚሄድ ከሆነ የጋባዡን የመኖሪያ ወረቀትና አገሩ የሚጠይቀውን የግብዣ ወይም የዋስትና ቅጽ ያቅርብ። ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ቢያንስ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ ጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ረ) ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። 15 ቀን ሲቀረው የሚሮጥ ኢትዮጵያዊ ራሱን ይጐዳል፤ 45 ቀኑን አስቦ ይነሣ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 11 ቀን 2024 ጀምሮ የአዋቂ ሰው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። ቅጹን የሚቀበለው የግል ድርጅት ውሳኔ አይሰጥም፤ ውሳኔው የቆንስላው ብቻ ነው። ስለዚህ «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ደላላ ቢመጣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ተማሪ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። ከትምህርታችሁ ጐን ጥቂት የትርጉም ሥራ ስለሠራችሁ ብቻ «ፍሪላንሰር ነኝ» ብላችሁ አትጻፉ። በዩኒቨርሲቲ መመዝገባችሁ ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃችሁ ነው፤ የተማሪ መኖሪያ ፈቃድም ሥራ ለመሥራት የሚፈቅድ ላይሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚሄድ ተማሪ ከቪዛው ክፍያ ነፃ እንደሆነ ሕጉ ይናገራልና መብታችሁን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

በመጨረሻ ማኅበራችን ማድረግ የሚገባው አለ። እስካሁን በዚህ ጉዳይ ላይ ያደረግነው እርስ በርስ ወሬ ማቀበል ብቻ ነው። ወሬ ደግሞ ወደ ደላላው በር ይወስዳል። ስለሆነም ሦስት ነገሮችን ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን። አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ምሽት የማመልከቻ ወረቀቶችን አብረው የሚያዩ ሁለት ወይም ሦስት አባላት ይመደቡ። ሁለተኛ፣ የክልከላ ቅጾች የባለቤቱ ስም እየተሰረዘ በፈቃዱ ይሰብሰቡ፤ አንዱ የወደቀበትን ጉድጓድ ሌላው እንዲያየው። ሦስተኛ፣ ትርጉም ወይም ሌላ ሥራ የምናሠራ ሁላችን፣ ሥራው የአንድ ገጽም ቢሆን ለሠራው ሰው ቀን ያለበትና የተፈረመበት ደረሰኝ እንስጥ። ይህ ሦስተኛው ምንም ወጪ የለውም፤ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል። እኛው ራሳችን ወንድማችንን እኩለ ሌሊት ጠርተን ስናሠራው አንድም ቀን ወረቀት ሰጥተነው አናውቅም።

ወንድማችን አሁን እንደገና ሊያመለክት እየተዘጋጀ ነው። እህቱ አርግዛለች፤ ለክርስትናው ልደርስ ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። የፊተኛው መዝገብ እንደሚከተለው ያውቃል፤ ስለዚህ በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ «ባለፈው ጊዜ ያቀረብኩት የአሠሪ ደብዳቤ እውነተኛ አልነበረም፤ እውነተኛው ሥራዬ ይህ ነው» ብሎ ጽፏል። ይህን መጻፍ ይጠቅመው ወይም ይጐዳው እንደሆነ ተከራከርን፤ እርሱ ግን አልለውጥም አለ። ያን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ያስተውነውን ወረቀት በሙሉ አውጥቶ ከእኛ ጋር ቁጥር እየሰጠ ሲያሰልፈው አምሽቷል፤ እኛም ለሆስፒታሉ ሥራ የዘገየውን ደብዳቤ ጽፈን ፈርመናል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

የሕክምና ተማሪዎች፣ ካይሮ